ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ፤ ድሬ ላይ ምን በስንት ሰዓት ይበላል? (ሐረርም ካለ)

መንገደኛው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ። አራት ሆነን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ እንገባለን፣ እሁድ ማታ ወጪ ነን። ሌላ ጉዳይ የለንም፣ መብላት ብቻ ነው። ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ኦርቶዶክሶቹ ዓርብን ይጾማሉ። አንዷ ቃሪያና ሚጥሚጣ አይስማማትም። ሆቴል ከዚራ ይዘናል። የምግብ ቤት ስም ዝርዝር አልፈልግም፤ የቱ ምግብ የት ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ለአራት ሰው ስንት እንደሚታዘዝ፣ ምኑ ላይ እንደሚበላሽ ንገሩኝ። ሐረር ይጨመር ወይስ ለሁለት ቀን ይበዛል?

የቀፊራ ሚዛን | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

አቦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ድሬ ላይ ሰዓት ካልያዝክ ስም መያዝህ ምንም አይጠቅምህም። ፉል የጠዋት ነው፣ ሀኒድ (በዝግታ የበሰለ የፍየል ወይም የበግ ሥጋ በሩዝ) የቀትር፣ ሳምቡሳና ባጊያ የአሥር ሰዓት፣ ጥብስ የማታ። ከሰዓቱ ውጪ ሄደህ ብትጠይቅ «አለ» ይሉሃል፤ የሚመጣልህ ግን ከድስቱ ጥግ የተጠረገው ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ከተማው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የበሰለ ምግብ ፍለጋ ፀሐይ ላይ መዞር ትርፉ ራስ ምታት ነው። ጭማቂ ቤት ገብታችሁ ቁጭ በሉ፣ ወይ ሆቴላችሁ ግቡና ተኙ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነሳል።

ሰፈሩን ለመያዝ ደቻቱ የሚባለውን ወንዝ እወቁት። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ በኩል ከዚራ አለ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ከደረሰ በኋላ በፕላን የተሠራው፣ ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ ያለው። በሌላው በኩል መጋላ ነው፣ ቀፊራ ገበያም እዚያ ነው። ከከዚራ ቀፊራ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ ለብቻ (ኮንትራት) እና በሰው ቁጥር መሄድ ይለያያል። ክረምት ከመጣችሁ ደግሞ አሸዋውን በእግር አቋርጠን እንውጣ እንዳትሉ። ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998ቱን ክረምት የሚረሳ የለም። በድልድዩ ሂዱ።

አሁን ወደ ሆድ። ዓርብ ስትገቡ 10 ሰዓት ከሆነ ሻንጣ ጣሉና ቀጥታ መጋላ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት መጥበሻው ሁሉ እሳት ላይ ነው። ባጊያ የተፈጨ ጥራጥሬ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድምብላል ጋር ተለውሶ የሚጠበስ ነው፤ ለጾመኞቹ ይሆናል። ለአራት ሰው ሃያ ፍሬ ባጊያና ስምንት ሳምቡሳ ለመክሰስ በቂ ነው፤ እራት አለባችሁና አትጥገቡ። ሳህን ላይ ከተከመረው አትውሰዱ፤ «የሚወጣውን ስጠኝ» በሉትና ቁሙ። ባጊያ ከዘይት ከወጣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ይደርቃል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ዘይቱን ደግሞ እዩት። ጠቁሮ ሲጨስና አረፋው ሳይጠፋ ሲቀር ዘይቱ ያለፈበት ነው፤ ወደሚቀጥለው መጥበሻ እለፉ፣ ሁለት ሜትር አይሆንም።

ማባያው ለብቻው ይቀርባል፤ ቃሪያ የማይስማማት እህታችን ሳትነክረው ትብላ። ግን ሳምቡሳው ውስጥም ቃሪያ ሊኖር ይችላል፣ አንዱን ሰብራ ትየው።

ነምበር ዋን | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31

ሚዛን፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ምስር ሳምቡሳና ሥጋ ሳምቡሳ የሚጠበሱት አንድ ዘይት ውስጥ ነው። ባጊያውም እዚያው ይገባል። ለጾመኛ «የጾም ነው» ብሎ መስጠት ቀላል ነው፣ ዘይቱን ግን ማንም አይጠይቅም። ባጊያ ብቻ የሚጠብሱ አሉ፤ ከመጥበሻው አጠገብ ያለውን ትሪ እዩ፣ ሦስት ማዕዘን ነገር ከሌለበት እዚያ ግዙ።

ባቄላ | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ፉል ላይ ልግባ፣ ዕዳዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ከ3 በኋላ አልመክርም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ደረቁ ባቄላ ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሌሊቱን በአንገተ ጠባብ ትልቅ ድስት በዝቅተኛ እሳት ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ከላይ ያለው ቅርጹን የያዘ ግን በጣት የሚፈርስ ነው፤ ከታች ያለው እየተጠበሰ ይሄዳል። ደንበኛ በበዛ ቁጥር ጭልፋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃ ይጨመራል፣ 3 ሰዓት ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትና የጭስ ጣዕም ያለው ነው። ሌላው ጥፋት ሶዳ ነው። ሌሊቱን ማሳለፍ የሰነፈ ቤት ቶሎ እንዲበስልለት ቤኪንግ ሶዳ ያበዛል፤ ፉሉ ወደ ግራጫ ይጠጋል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። የመጀመሪያ ጉርሻ ላይ ታውቁታላችሁ።

ጥሩ ቤት ሲሠራ ማየት ያስደስታል፤ ጭልፋው በትንሿ ብረት ሳህን ይገለበጣል፣ በጠርሙስ ቂጥ ሦስት አራቴ ደቀቅ ደቀቅ ይደረጋል (ሙሉ በሙሉ ከተላቆጠ ሾርባ ይሆናል፣ ግማሹ ፍሬ መሆን አለበት)፣ ዘይት፣ ከሙን፣ የተከተፈ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ከላይ። ሳህኑ እሳት ላይ ሆኖ ጠርዙ ፈላ ፈላ ሲል ይነሳል። እንቁላል ወይም እርጎ የሚጨመረው በትዕዛዝ ነው፤ ምንም ካላላችሁ ግን ልማድ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። ቃሪያ ለማትበላዋ «ቃሪያ ሳይነካው» በሏቸው እንጂ «ቃሪያ አንሱልኝ» አትበሉ፤ ካነሱት በኋላ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ለአራት ሰው ሦስት ፉልና ሁለት ፈትራ። ዳቦው ትኩስ ካልሆነ ፈትራውን በፉል ብሉት፤ አንዳንዱ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

ፈትራ፦ ሊጡ ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ብቻ ነው፤ ተድቦልቡሎ ዘይት ውስጥ ማረፍ አለበት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ያላረፈ ሊጥ ሲወጠር ይቀደዳል፣ የተቀደደው ቦታ ላይ እንቁላሉ ይፈስና ብረቱ ላይ ያራል። ያረፈው በዘይት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ እየተመታ እየተሳበ ከስሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ይሳሳል። እንቁላሉ ይቀባል፣ አራት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ብረት ምጣድ ላይ ይወርዳል። ብረቱ ካልጋለ ዘይት ይጠጣና ሲቆረስ ጣት ያንጠባጥባል፤ ከጋለ ውጪው ይንኮሻኮሻል። ማር ሲጨመር ከላይ ነው፣ ከተቆራረጠ በኋላ፣ ያኔ በየቁራሹ ይገባል። ለሳይበዛ-ጣፋጭ ሰው ማሩን በጎን አስቀርቡ።

ለገሃሬ ጥላ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡20

ባቄላ፣ በማርና በእንቁላል አንድ ላይ የሚባለውን ጨርሶ አልነካኸውም? የድሬ ፈትራ ማለት እሱ ነው።

ባቄላ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡26

ከፉል ጋር ካዘዙ ማር የሌለበት አንዱ ይሁን፣ ሁለተኛው በማርና በእንቁላል። ማሩ ከፉሉ ከሙን ጋር አይስማማም። ወላሂ ከዚህ በላይ አልከራከርም።

መንገደኛው | ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

እግዜር ይስጣችሁ። ሀኒድ የሚባለው ላይ ግን ሁሉም «አያምልጣችሁ» ይለኛል። ቅዳሜ ምሳ እሱ ይሁን?

ሀፋ | ረቡዕ፣ ቀን 9፡15

ሀኒድ ላይ ሦስት ነገር። ሰዓት፣ ክፍል፣ ሩዝ።

ሰዓት፦ 6 ሰዓት ላይ ቁጭ በሉ። የፍየል ወይም የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ በቅመም ተሸፍኖ በዝግታ የሚበስል ስለሆነ በቀን አንዴ ነው የሚወጣው፤ ሲያልቅ አለቀ፣ ተጨማሪ አይሠራም። 7 ሰዓት ተኩል ላይ «አለ» ካሏችሁ የሚሰጧችሁ ከጠዋት ጀምሮ ሩዝ ውስጥ የተቀበረው ነው፤ ጨውና ቅመም ብቻ ይቀርለታል።

ክፍል፦ ሲያዙ «ትከሻ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትከሻ ስብና ጅማቱ ውስጥ ለውስጥ ስለሆነ በዝግታ ሲበስል ይቀልጥና ከአጥንት በጣት ይላቀቃል። ጎድንም ጥሩ ነው፣ ግን ሥጋው ትንሽ ነው፤ ለክብደቱ አጥንት ትከፍላላችሁ። ጭን ያምራል፣ ሳህን ይሞላል፣ ግን ይደርቃል። አስተናጋጁ ለእንግዳ ጭን ማምጣት ይወዳል፣ ትልቅ ስለሚመስል።

ሩዝ፦ ጥሩው እያንዳንዱ ፍሬ ይለያያል፣ ሄልና ቅርንፉዱ ይሸታል፣ ዘቢብ ጣል ጣል ይደረግበታል። የተላቆጠ ከሆነ ዕለቱ ችኮላ ነበረበት። ከሩዙ በፊት ትኩስ መረቅ በሎሚ ይመጣል፣ እሱን አትተዉት፤ የበሰለው ሥጋ ምን እንደሆነ የሚናገረው መረቁ ነው። ውሃ ውሃ ካለ ተነሡ፣ ገና አላዘዛችሁም።

ሙዝ ከሩዝ ጋር ሲቀርብ ለማጣጣሚያ አይደለም። ቆርሳችሁ ከሩዙ ጋር በአንድ ጉርሻ ትበላላችሁ። ባስባስ የሚባለው ማባያ በቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በድምብላል የሚፈጭ ነው፤ ለብቻ በትንሽ ሳህን ነው፣ ለእህታችሁ ችግር የለም። ሩዙ አያቃጥልም።

ለአራት ሰው ሦስት ትዕዛዝ ይበቃል።

ነምበር ዋን | ረቡዕ፣ ቀን 9፡40

ያ ጀመዓ! ሁለቱ ኦርቶዶክስ ናቸው ብሎ ጽፏል። ሀኒድ ቤት የሙስሊም ሥጋ ነው። «ሩዙን ብቻ እንበላለን» ማለትም አያዋጣም፤ ሩዙ የሚበስለው በራሱ በሥጋው መረቅ ነው። ማታ ደግሞ ከዚራ ጥብስ ቤት ስትወስዷቸው ሁለቱ ሙስሊሞች ኮካ ይዘው ይቀመጣሉ። ይህንን ማንም አላነሳም።

ሀፋ | ረቡዕ፣ ቀን 9፡52

ሐቅ። ዘለልኩት።

የቀፊራ ሚዛን | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ነምበር ዋን እጅህን ይባርከው። እንግዲህ ዕቅዱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በሠርግና በለቅሶ ድሬዎች ይህን ፈትተውታል፤ ለእያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ይታረዳል፣ ለብቻ ይበስላል፣ ዳስ ግን አንድ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ሁለት ወጥ ቤት አታገኝም። ሥጋ ቤቱ ወይም ምግብ ቤቱ የማን እንደሆነ በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይነግርሃል፤ ከሌለ ሳትቀመጥ ጠይቅ፣ ማንም አይቀየምም፣ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው። ከበላህ በኋላ መጠየቅ ግን ሁሉንም ያሳፍራል።

አራቱን አንድ ገበታ ላይ የሚያገናኘው ይኸው፦ ፉል፣ ፈትራ፣ ባጊያ፣ ዓሣ፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ ጭማቂና ጣፋጭ። ፓስታውን «በሥጋ አይደለም፣ መረቅ አልገባበትም?» ብላችሁ አረጋግጡ። ድሬ ላይ ፓስታ ቀልድ አይደለም፣ ከሩዝ እኩል የቀትር ምግብ ነው። ዓሣው በትዕዛዝ የሚጠበስ ከሆነ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአምስት ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ ተጠብሶ የነበረና ዘይት ውስጥ እንደገና የገባ ነው፣ ዳር ዳሩ ይደርቃል።

እኔ ብሆን፦ ዓርብ መክሰስ አንድ ላይ፣ እራት ለጾመኞቹ በያይነቱ ከዚራ (ሙስሊሞቹም ይበሉታል፣ በያይነቱ ሥጋ የለበትም)። ቅዳሜ ቁርስ አንድ ላይ። ቅዳሜ ምሳ ተለያዩ፤ ሁለቱ መጋላ ሀኒድ፣ ሁለቱ ከዚራ የፍየል ጥብስ። 8 ሰዓት ላይ ጭማቂ ቤት ተገናኙ። አንድ ምሳ መለያየት ጓደኝነት አይጎዳም፤ ለሁሉም ሲባል ሁለቱም ሳይበሉ መቅረት ነው የሚጎዳ።

ጥብስ ለሚበሉት፦ ኪሎ የሚመዘነው ጥሬው ነው፣ ጠብሰው ሲያመጡት ይቀንሳል። ፍየል ከነአጥንቱ ስለሚመዘን ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ያዙ፤ የበሬ ከሆነ ግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ይበቃል። ሲመዘን ሚዛኑ ፊት ቁሙ፣ ክፍሉንም እናንተ ጠቁሙ። ሽንጥና ዳቢት ለጥብስ፣ ታላቅና ሻኛ ለቁርጥ። የሐረር ሰንጋ በመላ አገሪቱ የሚፈለገው በደረቅ መሬት ስለተሰማራ አይደለም፤ ገበሬው ሁለት ሦስት በሬ ጓሮው አስሮ በእጁ እያጎረሰ ስለሚያደልበው ነው፤ ስቡ በሥጋው መሐል የሚሰራጨው ለዚያ ነው። ቁርጥ ከበሉ የኮሶ ነገር ያው የታወቀ ነው፤ ፍየል ደግሞ በጥሬው አይበላም።

የደንገጎ ጭጋግ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

ስለ ሐረር አንድ ሰው አልተነፈሰም። እኔ ቅዳሜ ማታ ሐረር እንዲያድሩ ነው የምለው፤ እሁድ ብቻ ደርሶ መልስ ከሆነ ግማሹን ታጣላችሁ።

ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ከሩብ ያዙለት። ከድሬ ወጥቶ ደንገጎ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ከዚያ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ሹራብ ያዙ። ሆዱን የሚያስቸግረው ሰው ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ሙሉ ሆድ ይዞ ደንገጎን መውጣት ብዙ ሰው አስተፍቷል። ስለዚህ ሀኒድ በልታችሁ ወዲያው አትሳፈሩ፣ 10 ሰዓት ላይ ውጡ። ከጨለመ በኋላ በዚያ መንገድ አልመክርም፣ የጫት መኪኖች አነዳድ አገር ያወቀው ነው።

ለገሃሬ ጥላ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

አልስማማም። የድሬ ነፍሷ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታን አውጥተህ ሐረር ከወሰድክ የድሬ ምኑ ቀረ? ሙቀቱ ብቻ። ከ1 ሰዓት በኋላ ከዚራ ወንበሩ ሁሉ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ንፋስ ይገባል፣ ቤተሰብ ይወጣል። ዓርብ ማታ ሰው ገና መንገድ ደክሞት ነው።

የደንገጎ ጭጋግ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

ዓርብ ማታ አላቸው። ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ የሚቀለበው ማታ ነው፤ ከ1 ሰዓት ጀምሮ፣ ከግንቡ ውጪ በፈላና በርና በሰንጋ በር በኩል። እሁድ በቀን ሄደህ ጅብ አታይም። ጅቡን አይተህ ስትመለስ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ለእራት የደረሰ ነው።

ፈረስ መጋላ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15

ሁለታችሁም ተዉ፣ እንግዳው ይወስን። እኔ የሐረሩን ልስጥ፣ ቅዳሜ ያድሩም እሁድ ይምጡ ያው ነው።

መኪናው ከግንቡ ውጪ ያወርዳችኋል። በሐረር በር ግቡና ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ቁልቁል፣ በሁለቱም በኩል የልብስ ስፌት መኪናው እየተንጫጫ፣ ግድር መጋላ ገበያ ያወርዳችኋል። ጀጎል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር) ውስጥ መጥፋት አይቻልም፤ ግንቡ በዓለም ቅርስነት በ1998 ዓ.ም የተመዘገበው ይኸው ነው፣ በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ግንብ ታገኛላችሁ፣ ግንቡን ይዛችሁ ከበሮቹ አንዱ ላይ ትወጣላችሁ።

ቁርስ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ሐረር ላይ ቡና ሲባል ፍሬው ብቻ አይደለም፣ ይህን ሳታውቁ እንዳትመለሱ። የሐረር ቡና ታጥቦ አይፈለፈልም፤ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሲፈለፈል ብዙ ገለባ ይተርፋል። ያ ገለባ አይጣልም፣ ተፈልቶ ሀሸር ይሆናል፤ ወተት ሲገባበት ብዙው ሰው ሆጃ ይለዋል። ቁጢ ግን ሌላ ነው፣ የቡናው ቅጠል ነው። የደረቀው ቅጠል ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይፈላል፣ ወተትና ጨው ወይም ስኳር ይገባል። ጨው የገባበትን አንዴ ቅመሱ፤ ስኳር ያለበትን የትም ታገኙታላችሁ፣ ጨው ያለበት ግን ቁጢ ነው። ሲበላሽ የሚበላሸው ቅጠሉ ከታመሰ በላይ ሲያር ነው፣ የሣር ጭስ ይሸታል።

ሑልበት መረቅ ካገኛችሁ እዘዙ፤ ሁሉም ቤት የለም፣ ብዙውን ጊዜ በቀጠሮ ነው። አብሽ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውሃ ይደፋል፣ የቀረው ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታል። ውሃው ሳይደፋ የተሠራ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው፤ ያ የአብሹ ሳይሆን የችኮላው ነው። መረቁ የሥጋ ስለሆነ ኦርቶዶክሶቹ ይወቁት።

ግድር መጋላ ላይ ሥጋ ገዝታችሁ ከያዛችሁ ጭልፊቶቹን ተጠንቀቁ። ከሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥጋ በእጅ ከትከሻ በላይ ከፍ ካደረጋችሁ ከኋላ ነው የሚመጡት፣ ድምፅ የለውም፤ ክንፉ ጆሮ ሥር ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ይሰማል፣ ሥጋው የለም። ነጋዴው በጨርቅ ሸፍኖ፣ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ነው የሚሄድ። እናንተም እንደሱ።

የተቆላ ቡና ግማሽ ኪሎ ያዙ፣ ሲቆላ ቆማችሁ። ለጀበና ከሆነ «ለጀበና ፍጩልኝ» በሉ፣ አለዚያ ለማሽን ያደቁታል፣ ጀበናው ውስጥ አይረጋም፣ ሲኒው ውስጥ አተላ ይሆናል።

ውሃ የታሸገ ጠጡ። ከተማዋ ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅ ከሩቅ መሳብ ግድ ሆነ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን አለ። መታጠቢያው ላይ ቧንቧው ይሠራል ወይስ ጆግ ነው ብላችሁ እዩ፣ ጆግ ቢሆን ነውር የለውም፣ ባዶ ጆግ ግን ወጥ ቤቱም ባዶ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር፤ ሸዋል ዒድ ሰሞን ወይም ታኅሣሥና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ከሆነ አልጋ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ሁለቱም ከተማ ላይ አታገኙም። ረመዳን ከሆነ ደግሞ የቀኑን ዕቅድ በሙሉ ቅደዱት፤ ጀጎል ውስጥ ቀን የሚበላ ብዙ የለም፣ ከመግሪብ በኋላ ግን ሹርባው፣ ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ ሙሸበክ፣ ያኔ ሐረር ነው።

ወላድ ግመል | ሐሙስ፣ ቀን 5፡05

የግመል ወተት ማንም ሳይጠቅስ መድረክ አይዘጋም። ድሬ ላይ ቀፊራ አካባቢ ጠዋት ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነው፤ ትኩሱና የኮመጠጠው። «ዛሬ የታለበ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጭስ ሽታው ጉድለት አይደለም፣ ዕቃው ስለሚታጠን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ሰው ግማሽ ብርጭቆ፣ ያውም ረጅም መንገድ ከሌለበት። ሆድ ያላላል፣ በሰዓቱ ያላላል፤ ደንገጎ ላይ መጸዳጃ የለም። ያልፈላ ወተት ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሰጥ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታ በዚሁ ይተላለፋል። የፈላውን ጠይቁ፣ በሻሂም ይሠሩታል፣ ጣዕሙ አይጠፋም።

ሂሳብ ሹም | ሐሙስ፣ ቀን 8፡20

አጭር ናት። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ቫት ያካተተ ነው ወይ ብላችሁ ከማዘዝ በፊት። 15 በመቶ፣ አንዳንድ ሆቴል ደግሞ የአገልግሎት 10 በመቶ ይጨምራል፤ አራት ሰው ለሦስት ቀን ሲበላ ልዩነቱ አንድ ሙሉ እራት ነው። ሀኒድ ቤትና ፉል ቤት ብዙ ጊዜ ሜኑ የለም፣ ዋጋው በቃል ነው፤ ሳህን ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ። «የዛሬ ስንት ነው?» በሉ፣ «ስንት ነው?» ከማለት ይሻላል፣ የአገሩን ሰው ትመስላላችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ መክፈል አይቻልምና ጥሬ ብር ይያዝ፣ በተለይ ጀጎል ውስጥ።

መንገደኛው | ሐሙስ፣ ማታ 1፡55

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተነጋገርን። ዓርብ መጋላ ባጊያ (ያለ ሳምቡሳ ዘይት)፣ ማታ ከዚራ በያይነቱ። ቅዳሜ 1 ሰዓት ፉልና ፈትራ፣ 6 ሰዓት ተለያይተን ሀኒድና ጥብስ፣ 8 ሰዓት ጭማቂ፣ 10 ሰዓት ወደ ሐረር። ጭጋግ አሸነፍክ፣ ጥላ ይቅርታ። እሁድ ጠዋት ቁጢና ግድር መጋላ፣ ቀን ሐረር ዓሣ ወይ ፓስታ፣ 9 ሰዓት ወደ ድሬ። የግመሉን ወተት እሁድ ማታ ከመሳፈራችን በፊት ልንሞክር ነው።

ወላድ ግመል | ሐሙስ፣ ማታ 2፡01

አንብበህ ነው ወይስ ዝም ብለህ?! ከመሳፈር በፊት አይሆንም አልኩህ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፉሉ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ፉልና የግመል ወተት አንድ ላይ አይገቡም።

ለገሃሬ ጥላ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡09

አብሽር፣ ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ግን ዓርብ ማታ በያይነቱን ከበላችሁ በኋላ ተኙ እንዳትሉ። እስከ 4 ሰዓት ውጪ ተቀመጡ። ጭማቂ ስታዙ ስፕሪስ በሎሚ፣ ስኳር አልባ፣ «ውሃ ሳይገባበት» ብላችሁ። ማንጎ ወፍራም ካልሆነ በረዶ ነው የሞላው። ጊሽጣ ካለ እሱን፤ ልጣጩ ጠቆር ብሎ በጣት ሲጫን የሚሰምጠውን፤ ጠንካራው ላይ ሁለት ቀን ይቀረዋል።

መንገደኛው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

የመጨረሻ ጥያቄ። የሐረር ሐልዋ ለቤት ልንይዝ ነው፤ በድሬ ሙቀት ይበላሻል?

ፈረስ መጋላ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡12

አይበላሽም። ስኳር፣ ስታርች፣ ዘይት ወይም ቅቤና ሄል ነው፣ እሳት ላይ እጅ እስኪዝል የሚማሰል፤ በስኳሩ ብዛት ሳምንታት ይቆያል። ችግሩ ዘይቱ ነው፤ ሲሞቀው ይወጣና ወረቀቱን አልፎ ልብስ ያበላሻል። በወረቀት ከጠቀለሉላችሁ በኋላ በሁለት ፌስታል አስሩና ከሻንጣው መሐል ሳይሆን ለብቻ በእጅ ያዙት። ስትገዙ በጣት ጫን አድርጉት፤ ተመልሶ መነሣት አለበት። ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ ገና አልማሰለም፣ ከተሰነጠቀ ከርሟል። ሩብ ኪሎ ለአንድ ቤት ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ድንጋይ ይሆናል። ለጾመኛ ቤት ከሆነ ደግሞ «በዘይት ነው በቅቤ?» ብላችሁ ጠይቁ።